የመጨረሻው ቀን ውሃ

እኔ ኢሳኩ ነኝ፣ የኩሬው ጠባቂ። ሥራዬ ዕጣን ማቃጠልና ከበሮ መምታት ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ካለ አንድ የተከላ ወቅት መጥቶ ይሞክረው።

እዚህ በጃፓን፣ ሳኑኪ በሚባል አገራችን፣ ወንዝ የሚባለው ነገር ዝናብ ሲዘንብ ይፎክራል፤ ሩዝ ስንተክል ግን የት እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ አያቶቻችን ኩሬ ቆፈሩ። የኩሬው ውሃ ለሃያ ስድስት ቤት በአሥር ቀን ውስጥ በተራ ይዳረሳል፤ ተራው የሚለካው እንደ ቀጭን ዘንግ በተሠራ ዕጣን ነው። ለአንዱ ቤት ሁለት ዘንግ ዕጣን ይደርሰዋል፣ ለሌላው አምስት፣ እንደ ማሳው ስፋት። እኔ ግድቡ ላይ ካለችው ጎጆ ተቀምጬ ዘንጎቹን አንድ በአንድ አቃጥላለሁ። የአንዱ ቤት ዕጣን ሲያልቅ ከበሮውን እመታለሁ። ተራው ያለቀበት የቦዩን አፍ ይዘጋል፣ ባለተራው ይከፍታል። ሰዓት እኛም ጋ ገብቷል፤ ነገር ግን ሰዓትን ባለቤቱ እንዳሻው ያዞረዋል፣ ዕጣንን ማን ያዞረዋል?

ጠባቂ የራሱ ማሳ አይኖረውም። ማሳ ያላት ሴት አያገባም። ተራው ተጀምሮ እስኪያልቅ ከማንም ቤት እህል አይቀምስም፣ ከማንም ደጃፍ አይቀመጥም፣ በሩም ላይ ባለማሳ አያስቀምጥም። ሆዱ ከቀመሰ እጁ ያዳላል ብለው ነው። ደንቡ ለአሥር ቀን ብቻ ነው፤ ሰው ግን አሥር ቀን ያልጠራውን ጎረቤት በአሥራ አንደኛው ቀን መጥራት ይረሳል። ተከላው ሲያበቃ በየቤቱ ኡዶን የሚባለው የስንዴ ፓስታ ይቀቀላል፤ የተቀቀለው ስንዴ ሽታ ጎጆዬ ድረስ ይመጣል፣ ጥሪው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። አንድ እግሬ አጭር ነው፤ ጦርነቱ እንኳ አልፈለገኝም። በዚህ መንደር ሰው ያደረገኝ ከአባቴ የወረስኩት ከበሮ ነው። «የኢሳኩ ከበሮ አይዋሽም» ይላሉ። ይህ ሲባል ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር፣ አልክድም።

ከሃያ ስድስቱ ቤት የመጨረሻዋ ባለተራ ሺጌኖ ነበረች። ተራው ከላይ ማሳ ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌሎቹ አንድ ቁራሽ ማሳ ከላይ፣ አንድ ቁራሽ ከታች አላቸው። የእሷ ሁለቱም ከታች፣ ከቦዩ ጭራ ናቸው። በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ዘንግ ይደርሳታል። ባሏ ቶኩዞ በጦርነቱ ሞተ፤ ልጇ ሴይጂ ኮቤ ከተማ ብረት ፋብሪካ ገባ። ሩዟ በየዓመቱ ይጠወልጋል። መንደሩ «ወንድ የሌለበት ማሳ» ይለዋል። እኔ እንደዚያ ብዬ አላውቅም፤ ሲባል ግን ዝም እል ነበር።

ቶኩዞ በሞተ በሦስተኛው ዓመት ላገባት አስቤ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ፤ አሁን ብናገረው ማን ይቆጣኛል? ግን ማሳ አላት። ካገባኋት ከበሮውን ማስረከብ አለብኝ። አንድ ሙሉ የተከላ ወቅት አወጣሁ አወረድኩና ከበሮውን መረጥኩ። ለእሷም አልነገርኳትም።

ነገሩ የተጀመረው ሚዞቡቺ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ተልኮ ግድቡን ሊያይ በመጣ ጊዜ ነው። ሩዝ ሊተከል አንድ ወር ቀርቶት ነበር፤ ኩሬው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ ጻፈ፣ ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ የውሃ መውጫውን፣ የታችኛውን ውታፍ የሚነቅለው ማነው?»

«የመጀመሪያው ቀን አራት ሰው፣ በገመድ። ማታ ማታ እንወትፈዋለን፤ እያደር ጠዋት ሦስት ሰው፣ ከዚያ ሁለት። የመጨረሻው ቀን እኔ ብቻዬን።»

«ሰዎቹ ስለሚሰለቹ ነው?»

«ይሰለቻሉ እንጂ። ግን ውታፉም ይቀላል።»

«ለምን የሚቀል ይመስልዎታል?»

«ለምዶን ነዋ!»

ከልቡ ሳቀ። ከዚያ እንጨት አንስቶ አፈሩ ላይ ይጽፍ ጀመር። «ወርዱም ርዝመቱም ከፍታውም አንድ ሜትር የሆነ ሳጥን ውሃ ሞልተው ቢመዝኑት ሺህ ኪሎ ነው። ኩሬው ሲሞላ ውታፉ ከውሃው ፊት አራት ሜትር ዝቅ ብሎ ነው ያለው። አራት ሳጥን አንዱን ባንዱ ላይ ይደርድሩ። ከሥር ያለችው አንድ ሜትር ካሬ መሬት አራት ሺህ ኪሎ ተሸክማለች። የውታፉ ፊት ደግሞ የዚያች መሬት ከሠላሳ ሁለት አንዱ እጅ ነው።» አካፈለ። «መቶ ሃያ አምስት ኪሎ። ሁለት ከረጢት ሩዝ ውታፉ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።»

«ታዲያ አራት ሰው ሲጎትት ማቃሰቱ አይገርምም።»

«የመጨረሻው ቀን ስንት ይቀራል?»

ምልክቱን አሳየሁት። አንድ ሜትር ያህል ነው።

«እንግዲያስ ሺህን ለሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንድ ኪሎ። ግማሽ ከረጢት! ለዚህ ነው ብቻዎን የሚችሉት።»

«ኩሬው ይህን ያህል ሰፊ መሆኑስ? ሁሉ ውሃ አይጫነውም?»

«ስፋቱ ምንም አያደርግም። ኩሬው ባሕር ቢያህል ወይም አንዲት የቀርከሃ ቱቦ ቢሆን፣ አራት ሜትር አራት ሜትር ነው። ግፊት ጥልቀትን እንጂ ስፋትን አያይም።»

«ከሰው ይሻላላ» አልኩት። «ሰው ሰፊ ማሳ ሲያይ ነው ጎንበስ የሚለው።»

ሊሄድ ሲነሳ ከግድቡ ወገብ ላይ በጭቃ የተደፈኑትን ሁለት አፎች አየ። «እነዚህስ?»

«የድሮ የላይ ውታፎች ናቸው። ሲበሰብሱ አባቴ በመንደሩ ትእዛዝ ደፈናቸው። እንጨት ተወዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ከታችኛው ነው የምንቀዳው።»

«የሠሯቸው ሰዎች አውቀው ነበር» አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ተማረ የተባለ ሰው ሲናገር ራስ መነቅነቅ ልማዴ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሺጌኖ በቦዩ ማዶ መጣች። ለእኔ ብላ ሥራዋን አታቋርጥም፤ ግን ባለፈች ቁጥር ትጣራለች። በመንደሩ ስሜን ያለ ጉዳይ የሚጠራ እሷ ብቻ ነበረች።

«አንተ ኢሳኩ! ገና አልሞትክም?»

«ተራዬ አልደረሰማ።»

«ተራ ለሰው ታውቃለህ፣ ለራስህ አታውቅም!» ዶማዋን ተደግፋ ቆመች። «ስማ፣ ሴይጂ ደብዳቤ ልኳል። ‹እማዬ፣ እዚያ ምን ትጠብቂያለሽ?› ይለኛል። ዘንድሮ ውሃው የታችኛው ማሳዬ ካልደረሰ ሁለቱንም ሸጬ እሄዳለሁ። ወስኛለሁ።»

«ኮቤ ሄደሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የልጅ ልጅ አዝላለኋ! ደግሞ እዚያ ውሃ ከግድግዳ ነው የሚወጣው አሉ፣ ጠምዘዝ ሲያደርጉት።»

«የማን ተራ እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

እየሳቀች ሄደች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እሷ ከሄደች «አንተ ኢሳኩ» የሚለኝ ሰው አይኖርም። ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ የቀረኝ እሱ ነበር።

ውሃው ለምን አይደርሳትም እያልኩ ሳሰላስል ነው የመሐንዲሱ ነገር ትዝ ያለኝ። ውታፉን የሚጫነው ያው ግፊት አይደል ውሃውን በቀዳዳው የሚያስወጣው? በመጀመሪያው ቀን ሁለት ከረጢት ይገፋዋል። በመጨረሻው ቀን ግማሽ ከረጢት። ዕጣኑ ግን ያው ዕጣን ነው።

አሮጌ የሳኬ፣ የሩዝ መጠጥ፣ በርሜል አወጣሁ። ከሥሩ ቀዳዳ በሳሁ፣ ዕጣን በጣት ልክ ቆረጥኩ። መጀመሪያ በርሜሉን እስከ አፉ ሞላሁት፤ ዕጣኑ እስኪያልቅ እንዳይጎድል ከላይ እየጨመርኩ በቀዳዳው የወጣውን በባልዲ ተቀበልኩ። ስምንት ባልዲ። ቀጥሎ ውሃውን እስከ በርሜሉ ሩብ አወረድኩት፣ እዚያው ላይ ጠበቅኩት፣ ያንኑ ያህል ዕጣን አቃጠልኩ። ግፊቱ ሩብ ስለሆነ ሁለት ባልዲ ይወጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አራት ወጣ። ለምን ሩብ ሳይሆን ግማሽ እንደሆነ የተማረ ያስረዳ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቱንም ጊዜ አራት ነው።

ግማሽ። ሺጌኖ በሦስት ዘንግ የምታገኘው የአንድ ዘንግ ተኩል ውሃ ነበር፤ ያውም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። መካከል ላይ ያሉትም ትንሽ ትንሽ ይጎድልባቸዋል፤ እነሱ ግን ከታች ያጡትን ከላይ ባለው ማሳቸው ያካክሱታል፣ ስለዚህ ማንም አላስተዋለም። በእርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሌባ ቢያንስ የሰረቀውን ይበላል። እኔ ሳልበላ ሰረቅኋት። ያውም እሷን ትቼ በመረጥኩት ከበሮ።

ተራው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው መንደሩ እንደ ልማዱ ግድቡ ላይ ተሰበሰበ። በርሜሌን አንከብልዬ መጣሁና በሁሉም ፊት ስምንቱንም አራቱንም ባልዲ አሳየኋቸው። ዘንድሮ ለሺጌኖ ሦስት ዘንግ ይጨመርላት አልኩ። እሷ እዚያ አልነበረችም፤ ማሳዋ ላይ ነበረች።

ከዚያ ከኋላ አንዱ «ይሄ በርሜል ነው እንጂ ኩሬ መቼ ሆነ!» አለ።

«ውሃ የሚደክመው ከሆነማ ምሳ እንቋጥርለት!»

«የሺጌኖ ውሃ አርጅቶ ነዋ፣ እንደ ጠበቃው!»

«ባል ሳትሆናት ጠበቃ ሆንክላት፣ ኢሳኩ?»

ይህ የመጨረሻው ቀልድ አጥንቴ ድረስ ገባ። ሳቁ ሲበርድ የውሃ አባታችን ጎንሮኩ ተነሳ። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ቁጡ ያልሆነ ሰው ነው።

«ዘንድሮ ለእሷ ብንጨምር ከርሞ ሁሉም በርሜሉን እያንከበለለ ይመጣል» አለ። «ዕጣኑ አንድ፣ ውታፉ አንድ፣ ኩሬው አንድ። በዚሁ ይቀጥል።»

«ጋሽ ጎንሮኩ፣ እውነቱን በዓይንዎ አይተውታል እኮ!»

ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይቻለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ስማኝ ልጄ፣ መንደሩ አንተን የሚያምነው ስለማታስብ ነው። ዕጣን አያስብም። ማሰብ ከጀመርክ ሌላ ጠባቂ እንፈልጋለን።»

ተራው ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን አራት ሰው እየዘፈነ ውታፉን ነቀለ፣ ውሃው እንደ በሬ እያገሳ ወጣ። ዝናብ የለም። በአምስተኛው ቀን ሁለት ሰው ብቻ መጣ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ብቻዬን ነበርኩ። ገመዱን ሳብ ሳደርገው ውታፉ ተነቀለ። ግማሽ ከረጢት። ክንዴ ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ሲያውቀው ኖሯል፤ ጠይቄው አላውቅም እንጂ።

ከሰዓት በኋላ የሺጌኖ ተራ ደረሰ። ከበሮውን መታሁ፣ አንደኛውን ዘንግ አቃጠልኩ። ሁለተኛውን አስከተልኩ። ሦስተኛው አመድ ሲሆን የከበሮውን ዱላ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩትና አራተኛ ዘንግ ለኮስኩ። ከእሷ በኋላ ባለተራ የለም። የቀረው ውሃ ለዓሣውና ምናልባት ቤት ቢቃጠል ተብሎ የሚቀመጥ ነው። ስድስት ዘንግ አቃጥዬ እመታለሁ አልኩ። የሚገባትን ትጠጣ። በሕይወቴ አውቄ የሠራሁት የመጀመሪያው ስርቆት ነው፤ ልክ ነው ብዬ አደረግኩት፣ ላቤ ግን ጀርባዬን አጠበው።

አምስተኛው ዘንግ ግማሽ እንደደረሰ ከታች የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ሺጌኖ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ዶማዋን እንደያዘች፣ ጎጆው በር ላይ ቆመች። ከቦዩ ጭራ እስከ ግድቡ ለደህና እግር ግማሽ ሰዓት ነው፤ እሷ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት። ትንፋሿ እስኪመለስ መናገር አልቻለችም።

«አልሞትክም!» አለች በመጨረሻ። «አንተ ኢሳኩ፣ አልሞትክም እንዴ? ከበሮው ቀረ እኮ! ወድቀህ መስሎኝ… ኩሬው ውስጥ ገብተህ መስሎኝ…»

«ውሃውስ?» አልኳት።

«የቱ ውሃ?»

«ያንቺ ውሃ ነዋ! እየገባልሽ ነው?»

«ዘጋሁት እንጂ! ከማሳዬ ዳር ያለው የካኪው ፍሬ ዛፍ ጥላ የቦዩ ድንጋይ ላይ ሲደርስ የኔ ሦስት ዘንግ ያልቃል። በዚህ ሁሉ ዓመት ከበሮህና ጥላው ተለያይተው አያውቁም። ጥላው ደረሰ፣ ዘጋሁ። ከበሮ የለም። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። ተኝቶ ይሆናል እንዳልል አንተ ተኝተህ አታውቅም።»

ወጥተን ከግድቡ ላይ ወደ ታች አየን። የሰረቅኩላት ውሃ በተዘጋው የማሳዋ አፍ አጠገብ እያብለጨለጨ አልፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወደ ውታፉ ብሮጥ፣ እሷም ወደ ማሳዋ ብትሮጥ፣ እስክትደርስ ስድስቱም ዘንግ ስለሚያልቅ ምንም አይለወጥም ነበር።

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ መሐንዲሱ፣ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ስብሰባው። የሳቁብኝን እንኳ አልደበቅኩም። አንገቴን ደፍቼ ስጨርስ ቀና ብዬ ባያት ፊቷ ላይ መገረም አልነበረም።

«አውቃለሁ እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«የመጨረሻው ቀን ውሃ ወገብ የለውም። ቶኩዞም ይለው ነበር። እጄን ቦዩ ውስጥ ስከት ይታወቀኛል። በአራተኛው ቀን የላይኞቹን ቦይ ስሻገር እግሬን ሊወስደኝ ይደርሳል፤ እኔ ጋ ሲመጣ እንደ ድመት ነው የሚራመደው።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ!»

ዶማዋን በሩ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች፣ እዚያው ደንቡ በከለከለበት ቦታ። «ብነግርህስ? ከበሮውን ትተወው ነበር። ከበሮውን ብትተው ምን ይቀርሃል?» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ኩሬው መለሰች። «ያኔ ከከበሮው እኔን መርጠህ ቢሆን ኖሮ እነግርህ ነበር።»

ታውቅ ነበር። ሁሉንም ታውቅ ነበር። የምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ። የገብስ ቅልቅል ሩዝና አንዲት ጨው የበላች ፕሪም ነበረች። ፕሪሟን ለሁለት ከፈልናት። በተራ ወቅት ከሰው ጋር ስበላ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ሴይጂ ልጅ ጥርስ ማብቀል አወራችኝ፤ እኔም ስለ ጥርስ የማውቀውን ያህል መለስኩላት፣ ብዙም አይደለም። ዕጣኑ መቼ እንዳለቀ አላየሁም።

«ምታው እንግዲህ» አለች ስትነሳ። «ሰው ይጨነቃል።»

መታሁት። የሺጌኖ ውሃ አልቋል አለ ከበሮው። ያን ቀንም አልዋሸም።

የታችኛው ማሳዋ በነሐሴ ተሰነጣጠቀ። በመኸር ሁለቱንም ለጎንሮኩ ወንድም ልጅ ለካንሱኬ ሸጠች። አውቶቡሱ በግድቡ ሥር ሲያልፍ መስኮት ከፍታ «አንተ ኢሳኩ!» አለች። የቀረውን ሞተሩ ዋጠው።

በሚቀጥለው ዓመት የመሐንዲሱ ደብዳቤ መጣ። የታችኛው ውታፍ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል፣ የተደፈኑት ሁለቱ ይከፈቱ፣ ውሃው ከላይ እየተጀመረ በደረጃ ይቀዳ የሚል ነው። መንግሥት ብሏልና ተከፈቱ። አሁን ውሃው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ጉልበቱ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የካንሱኬ ሩዝ ወገብ ይደርሳል፤ መንደሩም «ወንድ ሲገባበት አያችሁ?» ይላል። የበርሜሉን ነገር ያነሳ የለም።

እኔ አሁንም ዕጣን አቃጥላለሁ፣ ከበሮ እመታለሁ። ባለፈው ዓመት በአሥረኛው ቀን የካንሱኬ ዘንጎች ካለቁ በኋላ ዱላውን አስቀመጥኩና አንድ ሙሉ ዘንግ ደግሜ አቃጠልኩ። ለማሳው ብዬ አይደለም። በሩን ከፍቼ ወደ መንገዱ ጆሮዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ዘንጉ አመድ እስኪሆን የመጣ ኮቴ የለም። ከዚያ መታሁት።

በማግስቱ ካንሱኬ በቦዩ ማዶ ሲያልፍ አየኝ። «ጋሽ ኢሳኩ፣ ትናንት ዕጣኑ እርጥብ ነበር እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ግድ የለም፣ ማሳዬ ጠግቧል!»

የካኪው ዛፍ ዛሬም እዚያው ቆሟል። ያን ቀን ግን ጥላው የት እንደደረሰ ያየ አልነበረም።